«ታንኳ ውኃ ላይ አያድርም» ያለኝ ልጅ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተሰብስባችሁ ስላነበባችኋቸው የልጆች መጻሕፍት ስትናገሩ ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኳችሁ። ጎበዞች ናችሁ። የእኛ ዘመን ልጅ ሰው ፊት ሲያቆሙት ጣቱን ይነክስ ነበር፤ እናንተ ድምፃችሁ አይንቀጠቀጥም። ግን አልዋሻችሁም፣ ከሰባተኛው ልጅ በኋላ ማን ስለ የትኛው መጽሐፍ እንደተናገረ ተምታታብኝ። «መጽሐፉ በጣም ደስ ይላል። ከመጽሐፉ የተማርኩት ታላላቆችን ማክበር ነው። ሁላችሁም እንድታነቡት እጋብዛለሁ።» ጭብጨባ። ቀጥሎ የተነሣው ልጅ ስለ ጅብና አህያ ተናገረ፤ እሱም ታላላቆችን ማክበር ተምሮ ተቀመጠ። ከጅቡ ይሁን ከተበላችው አህያ የተማረው አልነገረንም።

መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ፣ ስድስተኛ ክፍል ብትሆን ነው፣ እጇን ግማሽ ድረስ አወጣች። «ቲቸር፣ መጽሐፉ ካልጣመኝስ? እንደዚያ ብዬ ብናገር ነውር ነው?»

«ነውር የለውም፤ ብቻ በጨዋ ቃል ተናገሪ» አልኳትና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍኩ። እጇን አወረደች። ቤቴ ገብቼ ቡና አፈላሁ፤ ሁለተኛውን ሳልጠጣ ቀዘቀዘ። ያ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ልጅ በሌላ ቃል ጠይቆኝ ነበር፤ ያን ጊዜ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

1976 ዓ.ም. ነው። አዲስ መምህርት ሆኜ በጣና ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ተመደብኩ፤ ስሙን አልጠራውም። ቤተ መጻሕፍት የምንለው አንድ የብረት ቁም ሣጥን ነበር። ቁልፉን በክር አስሬ እንደ ማተብ አንገቴ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፤ ስተኛም አላወልቀውም። ከሣጥኑ ውስጥ ያማሩት መጻሕፍት ሞስኮ ታትመው የሚመጡት የአማርኛ ትርጉሞች ነበሩ። ወረቀታቸው የሚያዳልጥ፣ ሥዕላቸው የሚያስጎመጅ። ኮት የለበሰ ድብ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ። «እትዬ፣ በረዶው እንደ ጥጥ ነው?» ይሉኛል። «እንደ ጥጥ ነው» እላለሁ። እኔስ የት አይቼው! ልጆቹ ግን ያምኑኝ ነበር። ድቡን አመኑ፣ ኮቱን አመኑ፣ በረዶውን አመኑ። አንድም ቀን ማንም ተነሥቶ «ይህማ አይሆንም» አላለም።

አንድ ቀን ስለ ራሳችን ሐይቅ የሚናገር መጽሐፍ መጣልን። ስስ ናት፤ ርእሷን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እንዳትቆሽሽ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፈንኳትና ለአራተኛ ክፍል ጮክ ብዬ አነበብኩ። የአሣ አጥማጅ ልጅ ነው። መማር ይፈልጋል፤ አባቱ ደንቆሮ ስለሆነ ይከለክለዋል። ልጁ በሌሊት በታንኳ ይጠፋል። ሌሊቱን ሁሉ፣ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ፣ «ጥልቀቱ በማይታወቀው» ሐይቅ ላይ ይቀዝፋል። በቀትር ጉማሬ ያባርረዋል፣ ያመልጣል፣ ከተማ ገብቶ ይማራል፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ሲመለስ አባቱ እግሩ ላይ ወድቆ ያለቅሳል። እኔም ያን ገጽ ሳነብ ድምፄ ተቆራረጠ። ወድጄው ነበር።

መጽሐፉን ዘግቼ «እሺ፣ ምን ተማራችሁ?» አልኩ። ቅዳሜ ዕለት እናንተን ያስቸገረቻችሁ ጥያቄ ይህችው ናት፤ ያወረስናችሁም እኛ ነን።

ሁለት ሦስት ልጆች «ትምህርት ይጠቅማል» አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣ። የአሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ሣር፣ ደንገል፣ ሲያስር እያደረ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ክፍል ሲገባ አብሮት የሐይቁ ሽታ ይገባል። አፉ የማይፈታ ልጅ ስለነበር ሲነሣ ደስ አለኝ።

«እትዬ፣ ታንኳ ውኃ ላይ አያድርም።»

«እንዴት?»

«ደንገሉ ውኃ ይጠጣል። ከሐይቅ ሲመለሱ አውጥተው ያቆሙታል፣ ይደርቃል። ሌሊትም ቀንም ከተቀዘፈበት ይከብዳል፣ ይሰምጣል።» በሁለት እጁ ታንኳውን አንሥቶ ሲያቆም አሳየን። «ደግሞ በሰፊ እንጨት አይቀዘፍም፤ በቀርከሃ ነው። ጉማሬም ለግጦሽ የሚወጣው በሌሊት ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። «ይህ ታሪክ ነው፤ ተቀመጥ» አልኩት። አልተቀመጠም።

«ልጁ በሌሊት ሲጠፋ አባቱ ለምን አልፈለገውም?» አለ። «ጎረቤት ሁሉ ታንኳ አለው። የሰው ልጅ ጠፋ ከተባለ መንደሩ በሙሉ ሐይቅ ላይ ያድራል እኮ። አባትየው እንዴት ዝም ብሎ ተኛ?»

ዛሬ ስጽፈው ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ይገባኛል። ያን ዕለት የተሰማኝ ግን ሌላ ነበር፤ ተደፈርኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፣ አርባ ልጅ ፊት ቆሜያለሁ፣ ገና አሁን ያለቀስኩበትን መጽሐፍ አንድ ባዶ እግሩን የመጣ ልጅ እየበተነብኝ ነው። «የታተመን መጽሐፍ ልታርም ነው? የጠየቅኩህ ምን ተማርክ ብዬ ነው» አልኩት። አሁን ሳቁ ባሰ። ተቀመጠ።

ደወል ከተደወለ በኋላ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ ያን መጽሐፍ ያውሱኝ።»

«አልወደድከውም አይደል?»

«ለአባቴ ነው። ፊደል ቆጥሯል።»

አባቱ 1971 ላይ ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የለመደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ አገር ብዙ ነበር፤ ፊደሉን ለየ፣ ከዚያ የሚነበብ ነገር ከየት ይምጣ? ቤታቸው ያለው ያው የዘመቻው ማስተማሪያ መጽሐፍ ብቻ ነው። ልጁ የፈለገው ያ የተሰደበ አባት ምን እንደሚል መስማት ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ያልወደድከውን ምን ያደርግልሃል፤ የሚወደው ይውሰደው።» ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ሣጥኑን ቆለፍኩ። ቀጭ ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያ ዓመት ያን መጽሐፍ ሌላ ሰው አልተዋሰውም። ልጁም እስከ ሰኔ ድረስ እጁን አላወጣም፤ ስጠራው «አላውቅም» ይለኛል፣ የሚያውቀውንም።

እዚያው ስኖር ነገሩን በዓይኔ አየሁ። ታንኳዎቹን ጠዋት ጠዋት እንደ ዘብ ተደግፈው ቆመው ሲደርቁ አየሁ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ሰውም ስለዚህ በጠዋት እንደሚወጣ ተማርኩ። ጥልቀቱ አይታወቅም የተባለው ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ መሆኑን በኋላ አነበብኩ። ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ስሕተት ነው፤ ደራሲ ቢሳሳት ይታረማል። የአባትየው ነገር ነው ያልለቀቀኝ። ልጁ ስለ ሩቅ አገር ድብ የነገርኩትን ሁሉ ተቀብሎኛል፤ መጽሐፏ ስለ አባቱ ስትዋሽ ግን ተነሣ። ከሞስኮዎቹ ሁሉ ይልቅ እሱ ውስጥ የገባችው ያች መጽሐፍ ነበረች። እኔ ያለቀስኩት ግን እስከ ራት ድረስ እንኳ አልቆየም።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይህ ነው፦ አባቴ ቅኔ ዐዋቂ ነበር። ዋሸራ ተምሮ የመጣ። ማታ ማታ ተማሪዎቹ የቆጠሩትን ቅኔ አንዱ የአንዱን እየነቀፈ፣ «ይህ ቃል ሰሙን ይሸከማል እንጂ ወርቁን አይሸከምም» እየተባባሉ ሲከራከሩ እሰማ ነበር፤ ሕፃን ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ጫጫታ ነው። የትርጓሜ መምህራንም አንዱን ቃል ከተረጎሙት በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ከዚያም ሌላ «አንድም»። መጽሐፍ ላይ መናገር ድፍረት ነው የሚለውን ከዚያ ቤት አላመጣሁትም። ሠልጥኜ መምህርት ስሆን አብሮኝ የመጣ ነገር ነው። ለነገሩ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ከዚህ ማዶ የዘጌ ልጅ ነው። የዚህ ሐይቅ ሰው መጽሐፍ ይጽፋል፣ በመጽሐፍም ይከራከራል። እኔ ነኝ ተቀመጥ ያልኩት።

እንግዲህ ምክር ስጪ ከተባልኩ፣ ብዙ አንብቡ አልላችሁም፤ ያን የማይላችሁ ሰው የለም። የምለምናችሁ ሌላ ነው። «ደስ ይላል» ብላችሁ አትቀመጡብኝ። ራታችሁን ያስረሳችሁ ገጽ የትኛው ነው? ያዛጋችሁትስ የቱ ጋ ነው? ስልካችሁ ላይ ኮከብ መስጠት ለምዳችኋል፤ ለምግብ ቤትም አምስት፣ ለመጽሐፍም አምስት። ኮከቡ ምን እንደቀመሳችሁ አይነግረኝም። ታናሽ ወንድም ካላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና ተነሥቶ ኳሱን ሊፈልግ የሄደበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ፤ እሱ ይሉኝታ አያውቅም። በእርሳስ ነው ያልኩት። በእስክርቢቶ የሚያሰምርብኝን ዛሬም አልምረውም።

ስለምታውቁት ነገር የተጻፈ መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ደግሞ አትራሩለት። ስለ ጣና የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ቢያመጡላችሁ እምቦጩ የት አለ በሉ። አረሙ ሐይቁ ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት አልፎታል፤ ደንገሉም እየሳሳ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ውኃው ዛሬም እንደ መስታወት ነው፣ ወፏም ከጥንት ጀምሮ አልተነቃነቀችም። ይህን ከእናንተ ሌላ ማን ይናገር? አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ከመስኮቱ አያየው።

ሳትጨርሱ ግን አትፍረዱ። መጨረሻው ላይ የሚገለጥ መጽሐፍ አለና። ይህን ስጽፍ ራስጌዬ ላይ ግማሽ ድረስ አንብቤ የጣልኳቸው ሦስት መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ የሦስቱንም ክፋት ለጎረቤቴ አውርቼ ጨርሻለሁ። እንግዲህ የፈለጋችሁትን ምረጡ።

ልጁን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። 2006 ዓ.ም. ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልሳለም ወደ ዘጌ ስሻገር የሞተር ጀልባውን የሚነዳው ሰው ደጋግሞ ያየኛል። ጆሮ ግንዱ ሸብቷል። በኋላ በጣቱ ወደ አንገቱ አመለከተና «እትዬ፣ ቁልፉስ?» አለኝ። አወቅሁት። ይቅርታ ልለው ጀመርኩ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ «ምን አሉ?» ይለኛል፣ ደግሜ እጮኻለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ይቅርታ እየጮኹ ሲጠይቁት እንዴት እንደሚያሳፍር!

ዳር ስንደርስ ሞተሩን አጠፋና ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ መጽሐፉን ስላላገኘ ታሪኩን በቃሉ ለአባቱ ነግሮታል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አባቱ ደንገል እያሰረ ዝም ብሎ ሰማው። ልጁ ሲጨርስ «ጸሐፊው ከዳር ሆኖ ነው ያየን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ለመሆኑ ልጁ በደኅና ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ።

«ደርሷል አልኩት» አለኝ። «‹እሰይ› ብሎ ወደ ደንገሉ ተመለሰ።»

አንቺ የቅዳሜዋ ልጅ፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩሽም። በጨዋ ቃል ያልኩሽን ተይው። በሚመጣው ቅዳሜ ያን መጽሐፍ ይዘሽ ነይ፤ እኔ ቀድሜ ዋርካው ሥር እጠብቅሻለሁ። ምን ተማርሽ አልልሽም። ገጽ ስንት ላይ ነው የተቀየምሽው?