ከምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ወደ አእምሮ ጤና ሙያ

ውድ ጠያቂያችን፣

በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ተመርቀው በአስተርጓሚነት እንደሚሠሩ፣ መስማት የተሳናቸው ሕሙማን በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲመረመሩም በተደጋጋሚ እንደሚጠሩ ገልጸው፣ ወደ ማማከር ሙያ መሻገር ያዋጣዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ያዋጣዎታል፤ ሆኖም እስካሁን የሠሩትን የማስተርጎም ሥራ እንደ ማማከር ልምድ አይቁጠሩት።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው። ጎበዝ አስተርጓሚ የተዘበራረቀውን ምልክት አቃንቶ፣ የተቆራረጠውን ቀጥሎ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ማቅረብ ይቀናዋል፤ ለሐኪሙ ግን የአስተሳሰብ መዛባትን የሚጠቁመው ያው መዘበራረቁ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በልጅነቱ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ሳያገኝ ያደገ ሰው ነገሩን ቅደም ተከተል አስይዞ መግለጽ ቢያቅተው፣ ምክንያቱ ሕመም ሳይሆን የቋንቋ እጦት ሊሆን ይችላል። የሰዋስው ድርሻ ያለው የቅንድብና የፊት እንቅስቃሴም ቋንቋውን ለማያውቅ ሐኪም ቁጣ ወይም መረበሽ ይመስለዋል። ይህን ለይቶ ለማየት ቋንቋውንም ሕመሙንም የተማረ ባለሙያ ያስፈልጋል። (እናት ወይም ወንድም እያስተረጎመ ታካሚው ራሱን ስለማጥፋት የሚያስበውን በግልጽ ይናገራል ብሎ መጠበቅማ የዋህነት ነው።)

ለእርስዎ የሚቀርበው መንገድ የማኅበራዊ ሥራ ወይም የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዎ ተቀባይነት እንዳለው ለብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ከመመዝገብዎ በፊት የሚያመለክቱበትን የትምህርት ክፍል ይጠይቁ። ከገቡም በኋላ የተግባር ልምምድዎን በአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ በባለሙያ ክትትል ሥር እንዲያደርጉ አጥብቀው ይጠይቁ። መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመው፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን የሚገኘው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲም በዚህ ዘርፍ ያሠለጥናል፤ ነገር ግን የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ችሎታ ስለሚያስፈልግ የእርስዎ ቋንቋ ብቻውን አያስገባዎትም።

እስከዚያው በማስተርጎም ሥራዎ ላይ ሳሉ፣ ከምርመራው በፊት ከሐኪሙ ጋር አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያልተያያዘውን ንግግር እንዳልተያያዘ እንደሚያስተላልፉለት ይስማሙ። መስማት የተሳናቸው ወገኖች ማኅበረሰብ ጠባብ በመሆኑ በሆስፒታል ያገኙትን ታካሚ በማግስቱ በማኅበር ስብሰባ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ስለዚህ በዚያ ሲገናኙ እንዴት ሰላምታ እንደምትለዋወጡ፣ ምን እንደማይነሣም ገና በመጀመሪያው ቀን ከራሱ ከታካሚው ጋር ይነጋገሩ።