ብረት ወይስ ጎማ? በክረምት ሜዳ ስለ ታኬታ የጠየቃችሁኝ

ሐምሌ ገባ፣ ሜዳውም ጨቀየ። ሰሞኑን ኳስ የሚጫወት ሰው ባገኘኝ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ብረት ላድርግ ወይስ ጎማ?» 14 ዓመት የክለብ ትጥቅ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታኬታ አጥቤያለሁ፣ ጥርስ ቀይሬያለሁ፣ የዛገ ብሎን ስታገል አምሽቻለሁ። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ አልኩ። ብዙ ላካችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። ብረት ስል ጥርሱ በብሎን የሚገባና የሚወጣውን ማለቴ ነው። ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ አራት ጥርስ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ጎማ የምንለው ደግሞ ከሶሉ ጋር አብሮ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጥርሱ አጠር፣ በዛ ይላል። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ጎማ ስለሚለው እኔም ጎማ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዝናብ ከዘነበ በቃ ብረት ነው አይደል? 17 ዓመቴ ነው፣ አማካይ ነኝ።

መልስ፦ አይደለም ልጄ። ይሄ ስህተት እኔንም ዋጋ አስከፍሎኛል። አንድ ቀን ሲዘንብ አደረ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። እኔ መልበሻ ክፍል ቁጭ ብዬ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን እየሰማሁ ለሁሉም ብረት አሰርኩ። ወርጄ ሜዳውን አልነካሁትም። ላዩ እርጥብ ነበር፤ ሁለት ጣት ያህል ወረድ ሲል ግን ድንጋይ ነው። ልጆቹ ምስማር ላይ የቆሙ ያህል ነበር የሚሮጡት። በእረፍት አራቱ ጫማቸውን አውልቀው ውስጥ እግራቸውን ሲያሹ አየሁ። በሁለተኛው አጋማሽ የቀኝ መስመሩ ልጅ ዞር ሲል ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ። ሦስት ሳምንት ቤት ተቀመጠ። ዛሬም ሳገኘው ይከፋኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰማይ አላይም፣ መሬት ነው የማየው። ዋናው ነገር መዝነቡ አይደለም። ውሃው ምን ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መሬቱን በምን እለየዋለሁ?

መልስ፦ ከማሟሟቅ በፊት አንዱን ብረት ታኬታ ሳሩ ላይ አስቀምጠው። እጅህን ጫማው ውስጥ ክተትና በሙሉ ክብደትህ ተደገፈው። ጥርሱ ጥልቅ ብሎ ሶሉ ሳሩን ከነካ ብረት አድርግ። በሶሉና በሳሩ መሃል ክፍተት ከቀረ ግን ጎማህን እሰር፤ ያ ክፍተት ማለት ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስድስት ነጥብ ላይ ትቆማለህ ማለት ነው።

አንድ ቦታ ሞክረህ አትመለስ። በረኛው የሚቆምበትን፣ መሃሉን፣ የመስመሩን ዳር ሁሉ ንካ። ጥላ የሚያርፍበት በኩል ሁሌም ለስለስ ይላል። ሜዳው ግማሽ ለግማሽ ከሆነ ደግሞ የምትጫወትበትን ቦታ አስብ።

ጥያቄ፦ እኔ በረኛ ነኝ። ለኔም እንደዚሁ ነው?

መልስ፦ አንተ ከሌላው ቀድመህ ወደ ብረት ብትሄድ አይገርመኝም። የግቡ አፍ ሳሩ ያለቀበት፣ ውሃ የሚቋጥር ቦታ ነው። አንተ ደግሞ ከቆምክበት ተነስተህ ነው የምትወረወረው። እግርህ አንዴ ከከዳህ ኳሷ ገብታለች።

ጥያቄ፦ ያደግኩት ጂማ ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምጫወተው። እዚህ ሃያ ደቂቃ ስሮጥ እግሬ ድንጋይ ያሰርኩበት ይመስላል። ለምንድነው?

መልስ፦ ዋልካ ነው ወንድሜ! የጂማው ቀይ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል እንጂ እንደዚህ አይጣበቅም። በቦሌና በአቃቂ በኩል ግን ብዙው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሊጥ ይይዛል።

እዚህ ላይ ጎማው የሚሸነፈው ጥርሱ ስላጠረ ብቻ አይደለም። ጥርሱ ብዙ ነው፣ ተቀራርቧል። ጭቃው በመሃል ይገባና ይጠቀጠቃል። ትንሽ ቆይቶ ጥርሱ አይታይም። ጫማህን ገልብጠህ ስታየው አንድ ወጥ የጭቃ ቂጣ ነው። ያኔ ታኬታ ያደረገና ነጠላ ጫማ ያደረገ እኩል ነው። ብረቱ ስድስት ብቻ ስለሆነና ስለተራራቀ ጭቃውን ይጥለዋል። ክቡ ጥርስ ደግሞ እንደ ቢላ ከተጠፈጠፈው ይሻላል።

ብረት ከሌለህ ሁለት ነገር አድርግ። ከጨዋታው በፊት ሶሉን ብቻ፣ በጥርሶቹ መሃል፣ የምግብ ዘይት በጨርቅ ነካ ነካ አድርገው። ጭቃው ቶሎ አይይዝም። የጥርሱን ጫፍና የላዩን ቆዳ አታስነካው። ሁለተኛ፣ አሮጌ ማንኪያ መስመር ዳር ይቀመጥልህ። እኔ በክረምት ያለ ማንኪያ ሜዳ ሄጄ አላውቅም። ኳስ በወጣች ቁጥር አንዱ ተጫዋች እግሩን ያነሳልኛል፣ በሁለት ጠረጋ ይጸዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አሰልጣኙ «ለክረምት ብረት ይገዛለት» አለኝ። ልግዛ? ቁጥሩንስ እንዲያድግበት ከፍ ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ለሁለቱም እምቢ በይ።

ብረት ጥርስ የሚሠራው መሬት ውስጥ ሲገባ ነው። እንዲገባ ደግሞ ክብደት ያስፈልጋል። የ11 ዓመት ልጅ ቀላል ነው። ትልቅ ሰው የሚገባለት መሬት ለሱ ላይገባለት ይችላል። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሮጠው። ጫናው በሙሉ ውስጥ እግሩና ተረከዙ ላይ ያርፋል። በዚህ ዕድሜ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ስለሆነ ጠንካራ ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆች ተረከዛቸውን ቶሎ ያማቸዋል። ልጅሽ ከልምምድ በኋላ በጣቱ እየረገጠ ከገባ ዝም ብለሽ አትለፊው፣ አሳርፊው፣ ካልተሻለው አሳይው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ችግሩ ይገባኛል። ጫማ ውድ ነው፣ ልጅ ደግሞ በየወሩ ያድጋል። ግን ሰፊ ታኬታ በዝናብ ከምንም የከፋ ነው። ሶሉ መሬት ይዞ እግሩ ውስጥ ይንሸራተታል። ከትልቁ ጣት ፊት የአውራ ጣትሽን ወርድ ግማሽ ያህል ቦታ ይበቃዋል። ልጁ ራሱ ይሞክረው፣ የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ። ገንዘቡ ካጠረ ደህና ሰልባጅ ልኩን ከሆነ፣ ከሰፊ አዲስ ይሻላል። ስትመርጪ ገልብጠሽ ጥርሱን እይ። በአንድ በኩል ብቻ ያለቀ ከሆነ ተይው።

ጥያቄ፦ ብረት ጉልበት ያወጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነትነት አለው። ግን ብረቱን ብቻ መውቀስ ልክ አይደለም። ኳስ ተጫዋች ቀጥ ብሎ ብቻ አይሮጥም፤ ይዞራል። ሲዞር እግሩ አብሮት መዞር አለበት። ጥርሱ መሬት ውስጥ ተቀርቅሮ እግርን ከያዘው፣ ገላ ዞሮ እግር ከቀረ፣ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። የጉልበት ጅማት የሚበጠሰው ማንም ሳይነካህም ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ረጅም ጥርስ ለስላሳ መሬት ላይ ሲሆን መሬቱ ራሱ ይለቅለታል፤ ጭቃው ተቆርሶ እግርህ ይዞራል። ጠንከር ባለ ወፍራም ሳር ላይ ግን አይለቅም። ቢላ የሚመስለው የጎማ ጥርስም እንዲሁ ሊይዝ ይችላል።

እኔ ጥሩ ታኬታ የምለው ሲረግጡበት የሚይዘውን፣ ሲዞሩበት የሚለቀውን ነው። ብዙ ልጆች መያዙን ብቻ ያያሉ። ጉልበቱ ተጎድቶ የነበረ ሰው፣ ሲጠራጠር፣ አጭሩን ጥርስ ይምረጥ። ትንሽ መንሸራተት ከቀዶ ጥገና ይቀላል።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ ሳር ላይ ብረት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ቢዘንብም አይሆንም። ሳሩን ይቀደዋል፣ እግርህን ይይዘዋል፣ ሜዳው ባለቤትም ያባርርሃል። ጥርሱ አጭር፣ ክብና ብዙ የሆነውን አድርግ።

ጥያቄ፦ ዳኛው ጫማዬን አይቶ «በዚህ አትገባም» አለኝ። ብረት ክልክል ነው እንዴ?

መልስ፦ በጨዋታው ሕግ ብረት አልተከለከለም። ስለ ትጥቅ የሚናገረው ሕግ 4 የጥርስ ርዝመትም አይወስንም። የሚለው፣ ለራስም ለሌላም አደገኛ የሆነ ነገር አይደረግም ነው። ዳኛው ሶልህን የሚዳስሰው ለዚህ ነው። አንተ ምናልባት ከመልበሻ ክፍል እስከ ሜዳ በኮብልስቶን ሄደህበታል። አሉሚኒየም ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ጠርዙ ምላጭ ይሆናል። ጥፍርህን በጠርዙ ላይ ጎተት አድርገህ እየው። ጥፍርህን ከላጠው ዳኛው ልክ ነው፤ ያ ነገር የሰው ቅልጥም ይከፍታል። ጥርሱን ቀይር። እስከ ሜዳው በሸበጥ ሂድ፣ ታኬታህን እዚያ እሰር። ውድድሩ ወይም ሜዳው ራሱ ብረት ከከለከለ ግን የነሱ ደንብ ነው፣ ይከበራል።

ጥያቄ፦ አባቴ «ጀርመኖች የዓለም ዋንጫ የበሉት በታኬታ ነው» ይላል። እንዴት?

መልስ፦ አባትህ የሚሉት የበርኑን ፍጻሜ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1954፣ ስዊዘርላንድ። ምዕራብ ጀርመን ከሃንጋሪ። ሃንጋሪ ያኔ አራት ዓመት ሽንፈት አያውቅም ነበር። በምድብ ጨዋታ ጀርመንን 8 ለ 3 አራግፎታል። በፍጻሜውም በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራ። ግን ዝናብ ነበር፣ ሜዳው ከብዷል። ከጀርመኖቹ ጋር የአዲዳስ መሥራች አዲ ዳስለር ነበረ። ጥርሱ በብሎን የሚቀየር ጫማ ይዞ ነው የመጣው። ለዝናቡ ረጅሙን ጥርስ አደረጉ። ሄልሙት ራን በ84ኛው ደቂቃ አገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ።

ታኬታ ብቻውን ዋንጫ አይበላም። ኳሷን ያገባው ራን ነው። ግን እኔ እንደ ትጥቅ ያዥ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የዳስለር ብልሃት የጥርሱ መርዘም አይመስለኝም። ሜዳውን አይቶ የሚቀይርበት መንገድ ይዞ መምጣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጎልፍ ጀምሬ ነበር። የምንጫወትበት ቦታ ብረት ጥርስ አያስገባም፣ በፕላስቲኩ ደግሞ ጠዋት ጤዛ ላይ እንሸራተታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም፣ የጥርስ ነገር ግን አንድ ነው። ብረቱ የተከለከለው ጉድጓዱ ያለበትን ስስ ሳር ስለሚቦጫጭቅ ነው። ያቺ ትንሽ ኳስ ጭረት ካገኘች መንገዷን ትስታለች። ፕላስቲኩ ጥርስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ፣ ከአይዳሆ ግዛት፣ ከቦይዚ ከተማ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ቦታ ብረትን ተካ።

እርጥብ ተዳፋት ላይ ብረት እንደሚበልጥ አልክድም። ግን እናንተ አትሮጡም፤ ቆማችሁ ነው የምትጠማዘዙት። የፕላስቲኩ እግሮች እንደ ሸረሪት ተከፍተው ሳሩን ከጎን ነው የሚይዙት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርስህን እይ። እግሮቹ ካለቁ በመፍቻ ንቀልና አዲስ አስገባ፣ ጫማውን መቀየር አያስፈልግህም። በመሃል የታጨደ ሳር ከተጠቀጠቀ በየጉድጓዱ ጥረገው። ሲሚንቶ መንገድ ላይ ብዙ አትሂድበት፣ ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሯጭ ነኝ። ጃን ሜዳ ላይ አገር አቋራጭ ስሮጥ ስንት ሚሊ ሜትር ስፓይክ (የሯጭ ጫማ ሹል ጥርስ) ልጠቀም?

መልስ፦ በደንቡ ሰው ሠራሽ ትራክ ላይ ለሩጫ ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ሳርና አፈር ላይ እስከ 25 ይፈቀዳል፤ ያን ያህል ግን አያስፈልግህም። ደረቅ ከሆነ 6 ወይም 9፣ ሲጨቀይ 12፣ በጣም ከባሰ 15። መለዋወጫውን ከነመፍቻው ይዘህ ሂድ።

ከስፓይኩ እኩል ማሰሪያህን አስብ። እ.ኤ.አ. በ2008 በኤደንብራው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ላይ ቀነኒሳ በቀለ በውድድሩ መሃል ጫማው ወለቀበት። ቆሞ አጠለቀና ተነስቶ ሁሉንም ደረሰባቸው፣ አሸነፈ። እሱ ቀነኒሳ ነው። አንተ ድርብ ቋጠሮ እሰር፣ የተረፈውን ክር ከማሰሪያው ሥር ሸጉጠው።

ጥያቄ፦ ጥርሱ ዝጎ አልነቀል አለኝ። ጫማውም ሁሌ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ለተጣበቀው፣ በብሎኑ ዙሪያ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ አሳድረው። ጠዋት በፒንሳ ቀስ ብለህ፣ ወዲያና ወዲህ እያልክ ሞክር። በኃይል ከጠመዘዝከው ሶሉ ውስጥ ያለው ማቀፊያ ይሽከረከርና ጫማው ይሞታል። አዲስ ስታስገባ ክሩን ቫዝሊን ቀባ አድርገው። ካሟሟቅክ በኋላም አንዴ አጥብቀው፣ መጀመሪያ ላይ ሁሌም ይላላል።

የመሰንጠቁ ምክንያት ፀሐዩ ወይም ምድጃው ነው። ቆዳ በእሳት አይደርቅም፤ ማስቲሹም ይለቃል። ጭቃውን እርጥብ እያለ በውሃና በብሩሽ አንሳው፣ ማሰሪያውን ፍታ፣ የውስጡን ሶል አውጣ። ጋዜጣ ጨብጠህ እስከ ጣቱ ድረስ ሙላው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን አውጣ፣ ረስርሶ ታገኘዋለህ። ደረቅ ቀይርለትና ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አሳድረው።