ቁጥር 17 ወይም የተወዘፈ ፊልም

ልጆቼ፣

ሰኔ አልቆ ከየዩኒቨርሲቲው ስትመለሱ ከሻንጣችሁ ይልቅ ኪሳችሁ ውስጥ ያለችው ፍላሽ እንደምትከብድ አውቃለሁ። የእህቴ የልጅ ልጅ አምና ለክረምት ደብረ ብርሃን ሲመጣ መቶ ሃያ ፊልም አስጭኖ ነበር የመጣው። «ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ያመለጠኝን ሁሉ ዘንድሮ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። በቀን ሁለት ሁለት ብሎ ሒሳቡን ሠርቶታል፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ልክ ይመጣል። ምንም አልመለስኩለትም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ሒሳብ ሠርቼ ስለነበር ልገሥጸው አፍ አልነበረኝም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኛ ነበርኩ። በወጣትነቴ የተመደብኩባቸው ወረዳዎች ሲኒማ ቤት ቀርቶ መብራትም አልነበራቸው። ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ መጥተው አምባሳደር ምን እንዳዩ፣ ኢምፓየር ምን እንዳዩ ሲያወጉ እኔ ፊልሙን እንዳየ ሰው አብሬ እስቅ ነበር። ጡረታ ስወጣ የመጀመሪያውን ክረምት ለዚህ ዕዳ መደብኩት። ደብተር ገዛሁ፤ ለፊልሞቹ ተራ ቁጥር ሰጠሁ፤ አንዱን አይቼ በጨረስኩ ቁጥር አጠገቡ ምልክት አደረግሁ። በሁለት ወር አርባ አንድ ፊልም አየሁ። መስከረም ላይ አንድ ወዳጄ ስለ አንዱ ሲጠይቀኝ የሁለት ፊልም ታሪክ አቀላቅዬ፣ በአንዱ የሞተውን ሰው በሌላው ድሬው ቁጭ አልኩ። ወዳጄ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ደብተሩን ገልጬ ባየው አርባ አንድ ምልክት አለ፤ ሌላ ምንም የለም።

ያ ደብተር የቢሮዬን ወርኃዊ ሪፖርት አስታወሰኝ። ፍርድ ቤት የሠራ ሰው ውዝፍ መዝገብ ሌሊት በሕልሙም ያባርረዋል። በወሩ ስንት ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ፣ ስንት ወደሚቀጥለው ወር ተላለፈ ይባላል። «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብሎ መፈረም እንዴት እንደሚጥም ያልፈረመ አያውቀውም። አንድ ዓመት፣ ለክረምት እረፍት ልንወጣ ቀናት ሲቀሩን፣ የእርሻ ድንበር ክርክር ነበረኝ። አንዲት አሮጊት ምስክርነታቸውን ሰጥተው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና አንድ ነገር ሊጨምሩ ፈለጉ። «ይበቃል፣ እናቴ» አልኳቸው። ፈረድኩ፤ ዘጋሁ። ነገሩ በይግባኝ ሲመለስ፣ ያቺ በር ላይ ያቋረጥኳት ቃል ክርክሩን ሁሉ የምትገለብጥ ሆና ተገኘች። ጫና ያደረገብኝ ሰው አልነበረም። የቸኮልኩት ራሴ ነኝ።

ስለዚህ ፊልምን እንደ መዝገብ አትዝጉት። በክረምቱ ስምንት ብታዩ ብዙ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዩት፤ ደስ ያላችሁን ድገሙት፤ ከተቻለ ደግሞ ከእናንተ ጋር ፈጽሞ ከማይመሳሰል ሰው ጋር ተቀመጡ።

ስለ ፍጥነቱ አንድ ነገር ልናገር። ልጁ ፊልሙን ከልኩ አፋጥኖ ሲያይ አገኘሁት፤ ሰዎቹ እንደ ዶሮ ይንጫጫሉ። ሌላ ቀን ደግሞ የሁለት ሰዓቱን ፊልም በአሥር ደቂቃ የሚተርክ ቪዲዮ ሲሰማ። ይህ ምስክሩን ሳይሰሙ የፍርድ ግልባጭ እንደማንበብ ነው። ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ፤ ምስክሩ ከመመለሱ በፊት ስንት ጊዜ ምራቁን እንደዋጠ ግን አታውቁም። እኔ በሥራ ዘመኔ ከቃሉ ይልቅ ከዝምታው ነው ብዙ የተማርኩት።

አሁን ወደ ቤታችን። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ጎን ለጎን ተቀምጦ መደማመጥ አይቻልም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ እስከ ጥግ ብትከፍቱትም ትርፉ ከጎረቤት መጣላት ነው። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ እናደድ ነበር። ኋላ ግን አንድ መላ መጣልኝ፦ ቆርቆሮው ሲጮህ ድምፅ አልባ ፊልም ማየት!

የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» የከፈትኩት እንዲህ ባለ ማታ ነው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ያኔ ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ቻፕሊን ግን ንግግር አላስገባም ብሎ ድርቅ አለ። ከባድ እንቆቅልሽም ገጠመው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ቡትቶ የለበሰውን ሰው ሀብታም ነው ብላ መሳሳት አለባት። ንግግር በሌለበት እንዴት ትሳሳት? ያን አንድ ትዕይንት ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀረጸው። መፍትሔው የመኪና በር ነበር። ሰውዬው ከፖሊስ ለመሸሽ በቆመ ውድ መኪና ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ትሰማና አበባ ትዘረጋለታለች። የገንዘቡን መልስ ልትሰጠው ስትል ደግሞ እውነተኛው ባለመኪና መጥቶ በሩን ይዘጋና ይሄዳል። እሷ መልሱን ትቶልኝ የሄደ ቸር ጌታ ነው ብላ ታስባለች። እኛ ቤት ከዝናቡ በቀር ምንም አይሰማም። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ሁላችንም ሰማነው ብል አታምኑኝም።

መብራት ሲሄድስ? በብርሃን ስም በተጠራች ከተማ ተቀምጠን ሻማ መፈለጋችን ራሱ አንድ ኮሜዲ ነው። ወደ ስልካችሁ አትሩጡ። ታሪኩ ከዚህ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም በየተራ ይገምት፤ መብራቱ ሲመጣ ይፈረድበታል።

ከእኔ ጋር ፈጽሞ የማትመሳሰለው ሰው ታላቅ እህቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ኑሮዋ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። በየክረምቱ ራሷ የፈተለችውን የመንዝ ሱፍ ባና ተሸክማ ትመጣለች። ከእሷ በፊት ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ስንቀጠቀጥ የነበርኩት ሰውዬ አሁን በባና ተጠቅልዬ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው ፊልም የማየው። ማንበብ ስለማትችል ከታች የሚሄደውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የምተረጉምላት እኔ ነኝ። ችሎት ላይ ስንቱን አስተርጓሚ «የተባለውን ብቻ ተናገር፤ አትቀንስ፣ አትጨምር» ብዬ እንደገሠጽኩ አሁን ነው የታወቀኝ። «እሷ ያን ሁሉ ስትለፈልፍ ቆይታ አንተ ሁለት ቃል ብቻ?» ትለኛለች። ልክ ነበረች። እየሰነፍኩ ነበር።

አንድ ማታ «ራሾሞን»ን ከፈትን። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 የሠራው ነው፤ በማግሥቱ ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን፣ ሸልመውታል። በዝናብ ይጀምራል፤ እንደ እኛው ያለ ዝናብ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እንዲጎላ ውሃው ውስጥ ጥቁር ቀለም ጨምረውበት ነበር። ሦስት ሰዎች በፈራረሰ የከተማ በር ሥር ተጠልለው ስለ አንድ ግድያ ያወራሉ። ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቷል። ሽፍታው ቃሉን ይሰጣል፤ የሟች ሚስት ትሰጣለች፤ ሟቹ ራሱ በጠንቋይ አፍ ይናገራል፤ በመጨረሻ ሬሳውን ያገኘው እንጨት ቆራጭ ይናገራል። አራቱ ቃል አይገጥምም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸት የሰማሁ ሰው ነኝ። ሰው የሚዋሸው ከጥፋት ለመሸሽ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። እዚህ ግን ሽፍታው፣ ሚስቲቱና ሟቹ ገዳይነቱን ከራሳቸው አያሸሹም፤ ወደ ራሳቸው ነው የሚጎትቱት። የሚደብቁት ሌላ ነገር ነው፤ ከግድያው ይልቅ ያሳፈራቸውን። ይህን ወጣት ዳኛ ሳለሁ አይቼው ቢሆን ኖሮ አንዳንድ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ባይ ተከሳሽን ሁለት ጊዜ እጠይቀው ነበር።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ምስክሮቹ ግቢው መሬት ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊት ወደ እኛ እያዩ ነው የሚናገሩት። ዳኛው አይታይም፤ ድምፁም አይሰማም። ምን እንደጠየቃቸው የምንረዳው ከመልሳቸው ነው። ኩሮሳዋ ወንበሩን ባዶ ትቶ እኛን አስቀመጠበት። እትዬ ይህን ማንም ሳይነግራት ገባት። «ይሄማ አውጫጭኝ ነው!» አለች። ለማታውቁት፣ አውጫጭኝ ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠየቅበት የጥንት ሥርዓት ነው፤ እሷ ከአያቶቻችን ሰምታዋለች።

ሟቹ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ደረቱ ላይ የተሰካውን ጩቤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ እንደነቀለው ይናገራል። እኔ ተርጉሜ ቆሎዬን ልዘግን ስል፣ «ቆይ አቁመው» አለች። «ጩቤውን የነቀለው ማን ነው? አሁን የት አለ?»

ደነገጥኩ። ይህን ፊልም በዚያ በመጀመሪያው ክረምት አይቼዋለሁ፤ በደብተሬ ቁጥር 17 ነው፤ ምልክትም አለው። ስለ ጩቤው አልጠየቅሁም። ኤግዚቢት፣ በማስረጃነት የተያዘው ዕቃ፣ የት ገባ ብሎ መጠየቅ እንጀራዬ የነበረው እኔ፣ አልጠየቅሁም። ማን እንደወሰደው አልነግራችሁም፤ አይታችሁ ድረሱበት።

ከችሎት ሳልወጣ አንድ ልጨምር (ጡረታ ወጥቶ ችሎት ማየት ምን ዓይነት ዕጣ ነው?)። «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» እ.ኤ.አ. በ1957 በሲድኒ ሉሜት የተሠራ ነው፤ 96 ደቂቃ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ። በእኛ አገር ጁሪ የሚባል የለም፤ የሚፈርደው ዳኛ ነው። እዚያ ግን ከሕዝብ የተውጣጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አባቱን ገድሏል በተባለ ልጅ ላይ ይወስናሉ። መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ 11 ለ1 ነው። ስትደግሙት ካሜራውን ተከታተሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዎቹን ከዓይናቸው ከፍታ በላይ ሆኖ ያያቸዋል፤ መካከል ላይ በዓይናቸው ልክ፤ መጨረሻ ላይ ከታች ወደ ላይ፤ ሌንሱም እየተቀየረ ይሄዳል። ግድግዳው የሚጠጋባችሁ፣ ጣሪያው የሚወርድባችሁ ይመስላችኋል። እነሱ በሙቀት ላባቸው ሲንቆረቆር እኛ በባና ተጠቅልለን ነበር የምናያቸው።

የእኛንም አትርሱ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ስለ አንድ ልጅና ስለ በጉ። እትዬ ከበጓ ሌላ ምንም አላየችም። «ይቺ የመንዝ በግ አይደለችም» ብላ ፈርዳ ጨረሰች።

«ድፍረት» ላይ ግን እንዲህ አልቀለደችም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እውነተኛ ክስ ነው፦ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ትከሰሳለች። ይህን ስታዩ ሕጉን አስታውሱ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ የሚድንበት ቀዳዳ ነበር። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። በፊልሙ ያለችው ጠበቃ የተቀረጸችው በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ላይ ሲሆን፣ እሳቸው በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ዓ.ም. አገልግለዋል። እኔ በአሮጌው ሕግ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ያን ማታ ቆሎ አልወረደልኝም።

ፊልሙ ሲያልቅ ማንም መብራት አላበራም። ልጁ በጨለማው ውስጥ፣ «እማማ፣ እርስዎ በስንት ዓመትዎ ነው የተዳሩት?» አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ አያቱ ናት፤ ጠይቋት አያውቅም። እኔም ወንድሟ ሆኜ ጠይቄያት አላውቅም። እስከ እኩለ ሌሊት አወራች። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሷ ነው። ልጁ ከዚያ ወዲያ ፊልም ማፋጠኑን ተወ፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩትም።

በዚያ ክረምት ዘጠኝ ፊልም አየን። ሁለቱን ደግመናል። በቡሄ ማታ አንዱን ጀምረን የሆያ ሆዬ ልጆች በር ላይ ዱላቸውን ሲደበድቡ አቋርጠን፣ ሙልሙል ስንሰጥ፣ ስንመረቅ ሳንጨርሰው ቀርተናል። ልጁ መስከረም ላይ ፍላሹን ይዞ ሲመለስ መቶ አሥራ አንዱ እንዳለ ነበር።

እትዬ ወደ መሐል ሜዳ ከተመለሰች ከወር በኋላ ማታ ደወለች። «ራሾሞን»ን ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ ተርካላቸዋለች። መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ሚስቲቱን ያምናል፣ ግማሹ እንጨት ቆራጩን። አንዱ ሽማግሌ ሽፍታውን ይዘው አልለቅም ብለዋል። «አንተ ዳኛ አይደለህ? እውነቱን የተናገረው ማን ነው በላቸው» አለችና ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችው። የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ለውሳኔ ለመጪው ክረምት ተቀጥሯል» አልኳቸው።