ካሜራው ሲመሽ ለምን ይጠፋል? የኔትወርክ ካሜራ የኃይል ችግር፣ ጥያቄና መልስ

ካሜራ የተከላችሁም ልትተክሉ ያሰባችሁም ጠይቁ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። የኔትወርክ ካሜራ መትከልና መጠገን የዕለት ሥራዬ ነው። "ተበላሸ" ተብለው ከሚመጡልኝ ካሜራዎች ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የጎደላቸው ኃይል ነው። ስትጠይቁ ኃይሉ ከአዳፕተር ወይስ በፒኦኢ፣ ማለትም ዳታውን በሚያመጣው በዚያው የኔትወርክ ኬብል፣ እንደሚመጣ፣ ኬብሉ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከቻላችሁ ደግሞ ካሜራው ጋ ሲለካ ስንት ቮልት እንደሚያሳይ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ ቀን ቀን ያለምንም ችግር ይሠራል። ከመሸ በኋላ ግን ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ካሜራው ውጭ በር ላይ ነው፤ ባለ 12 ቮልቱ አዳፕተር ሳሎን ነው። መሃሉን ከኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ ሽቦ ወስጄ ነው ያገናኘሁት፤ 30 ሜትር ይሆናል። አዳፕተሩን ስለካው ልክ 12 ቮልት ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የለካኸው ሳሎን ነው፤ ካሜራው ያለው በር ላይ ነው። በመሃል ያለው ሽቦ ቀጭን ነው። 30 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ 60 ሜትር ይሆናል፤ የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ ወደ 5 ኦም ይጠጋል። ቀን ካሜራው 0.3 አምፒር ቢስብ በመንገድ 1.5 ቮልት ይጠፋል፤ 10.5 ይደርሰዋል፣ ይሠራል። ሲመሽ በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ይበራሉ። ፍጆታው ወደ 0.7 አምፒር ከወጣ የሚጠፋው 3.5 ቮልት ነው፤ የሚደርሰው 8.5 ብቻ። ብዙ ካሜራዎች ከ12 ቮልት ላይ እስከ 25 ከመቶ ቢወርድ ይችላሉ፤ ይህ 9 ቮልት ማለት ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ይዘጋል። ሲዘጋ ጭነቱ ይወርድና ቮልቱ ይመለሳል፤ እንደገና ይነሣል፣ መብራቱን ያበራል፣ ይወድቃል።

እስኪመሽ ሳትጠብቅ ማየት ትችላለህ። የካሜራውን ፊት በጥቁር ጨርቅ ሸፍን። ውስጡ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፤ ወደ ሌሊት ሲቀየር የሚንቀሳቀሰው ማጣሪያ ነው። በዚያው ቅጽበት የካሜራውን መሰኪያ በመልቲሜትር ለካ። ካሜራው ተነቅሎ የሚለካ ቮልት አያስተማምንም፤ ጭነት ስለሌለ ሁልጊዜ 12 ነው።

መፍትሔው፦ ካሜራው አጠገብ ዝናብ የማያገኘው ሶኬት ካለ አዳፕተሩን ወደዚያ አምጣው። ካልሆነ ወፍራም የኃይል ሽቦ ዘርጋ። ከሁሉ የምመርጠው ግን ፒኦኢ ነው። ካሜራህ ፒኦኢ ባይቀበል እንኳ ኃይሉን ከዳታው ለይቶ 12 ቮልት የሚያወጣ ስፕሊተር ጫፉ ላይ ይገጠማል። ያው ኃይል በ48 ቮልት ሲሄድ አምፒሩ ሩብ ይሆናል፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ባለ 8 ፖርት የፒኦኢ ስዊች አለኝ። 6 ካሜራ በሰላም ይሠራል። ሰባተኛውን፣ የሚዞረውን፣ ስሰካ ሌላኛው ይጠፋል። ፖርቱ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ አልሞተም። የስዊቹ ጠቅላላ በጀት አልቋል። 8 ፖርት አለው ማለት ለ8ቱም ሙሉ ኃይል ይሰጣል ማለት አይደለም። ከጀርባው ወይም ከመመሪያው ላይ ጠቅላላውን ዋት አንብቢ። 65 ዋት ቢሆንና እያንዳንዱ ካሜራ ሌሊት 9 ዋት ቢስብ፣ 6ቱ 54 ይወስዳሉ። የሚዞር ካሜራ ሞተርም መብራትም ስላለው 20 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ሌላም ነገር አለ፤ በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ የሚባለው የፒኦኢ ደረጃ ከፖርቱ 15.4 ዋት ይሰጣል፣ ካሜራው ጋ እንደሚደርስ የሚታሰበው ግን 12.95 ነው። ያንቺ ዟሪ ካሜራ የ2009ኙን 802.3ኤቲ፣ ባለ 30 ዋቱን፣ የሚጠይቅ ከሆነ የድሮው ፖርት ብቻውን ቢሰካበትም አይበቃውም። ለእሱ የራሱ ኢንጀክተር፣ በኔትወርክ ኬብሉ ላይ ኃይል የሚጨምረውን ዕቃ፣ ግዢለት፤ ስዊቹን ከመቀየር ይረክሳል።

ጥያቄ፦ አክስቴ ከሜሪላንድ ካሜራ ልካልኛለች። አዲስ አበባ ብሰካው ይቃጠላል?

መልስ፦ የአዳፕተሩን ጽሑፍ ሳታነብ እንዳትሰካ። ኢንፑት በሚለው አጠገብ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተጻፈ የመሰኪያ መለወጫ ብቻ ይበቃሃል። 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። አዳፕተሩን ተወው፤ አውትፑቱ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ ግዛ። በመሃለኛው ቀዳዳ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ አንድ ዓይነት መሆኑንም አይተህ ነው።

ጥያቄ፦ የፒኦኢ ኬብል በስሕተት ላፕቶፕ ላይ ቢሰካ?

መልስ፦ ደረጃውን የጠበቀ ስዊች መጀመሪያ ከ10 ቮልት በማይዘል ትንሽ ቮልት ይጠይቃል። በሌላኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም አካባቢ ምላሽ ካላገኘ ኃይል አይለቅም፤ ላፕቶፑ ምንም አይሆንም። የሚያሰጋው ፓሲቭ የሚባለው ርካሽ ኢንጀክተር ነው። ሳይጠይቅ 24 ወይም 48 ቮልት ይለቃል። ካሜራው የሚቀበለው ቮልት ከዚያው ጋር ካልገጠመ አታገናኙት፤ ሌላ ዕቃ ላይማ በጭራሽ።

ጥያቄ፦ ኬብሉ 80 ሜትር ነው፣ ከ100 አላለፈም። ሆኖም በፒኦኢ አይነሣም። ካሜራውን አጭር ኬብል ላይ ስሰካው ይሠራል።

መልስ፦ የኬብሉን አንድ ሽቦ በምላጭ ፋቀው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ብርማ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ሬዚስታንሱ ከንጹሕ መዳብ በግማሽ ያህል ይበልጣል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ገበያው ላይ በሰፊው አለ፤ ካርቶኑ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ያማልላል። የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር አይለፍ የሚለው ልክ የተቀመጠው ለመዳብ ነው። ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት ይህችን ፍተሻ ብታደርጉ ግንብ ከማፍረስ ትድናላችሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው ሰው ሁለት ጊዜ ሲከፍል ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሱቄ መብራት በሄደ ቁጥር ካሜራው ይቆማል። ሌባም የሚመጣው ያኔ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ ብገዛ ስንት ሰዓት ይይዘኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ትንሹ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ አንድ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 50 ያህል ቢያገኙ ነው። መቅጃው፣ ስዊቹና ካሜራዎቹ አንድ ላይ 70 ዋት ከሳቡ ከሦስት ሩብ ሰዓት አያልፍም። ሞኒተሩን ከዩፒኤሱ ላይ ያውጡት፤ መብራት ሲሄድ ሥዕል ማየት አያስፈልግም፣ መቅዳት ነው የሚያስፈልገው። ለረጅም ሰዓት ኢንቨርተር ከትልቅ ባትሪ ጋር ያስገጥሙ። ፒኦኢ ከሆነ ዩፒኤሱን ስዊቹና መቅጃው ጋ ማድረግ ይበቃል፣ በየካሜራው መሮጥ የለም። ራውተሩንም አይርሱት፤ እሱ ከጠፋ በስልክዎ አያዩም።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የመቅጃው ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል።

መልስ፦ ውስጡ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። ትቀየር። ኢንተርኔት ካለሽ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጊ፤ የሰዓት ቀጣናው ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድመው ይሁን።

ጥያቄ፦ ለወራት የሠራ የውጭ ካሜራ ክረምት ሲገባ ሞተ። ስዊቹ ላይ መብራት የለም።

መልስ፦ የመገናኛውን ክዳን ፍታው። የአርጄ 45ቱ ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ካየህ ውኃ ገብቷል፤ ኃይል የሚያልፍባቸው ጥርሶች ይብሱኑ ይበላሉ። ጫፉን ቆርጠህ አዲስ ጭንቅላት ምታ። ከካሜራው ጋር በካርቶኑ የሚመጣውን የውኃ መከላከያ ክዳን ከነጎማው ግጠም፤ ብዙ ጊዜ የሚጣለው እሱ ነው። ኬብሉ ወደ ካሜራው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተቀልብሶ ይውጣ፤ ውኃው እዚያ ይንጠባጠባል። የካሜራው በኩል ያለው ሴቴ መሰኪያም ከዛገ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽዳው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በአጭር ኬብል ስዊቹ አጠገብ ሞክረው። እዚያም ካልተነሣ፣ ሌላ ጤነኛ ካሜራ በዚያው ፖርት ሞክር፤ እሱ ከተነሣ የሞተው ካሜራው ነው፣ እሱም ካልተነሣ ፖርቱ ነው።