ፋይበሩ ሲታጠፍ ኢንተርኔቱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። ቤታችን ፋይበር ከገባ ስምንት ወሩ ነው፣ በቀደም ሳሎን ስናስተካክል ሶፋውን ወደ ጥግ ገፋ አደረግነው፣ ወዲያው ሞደሙ ላይ ኤልኦኤስ የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረና ኢንተርኔቱ ጥፍት አለ። ቴክኒሻኑ መጣ፣ ምንም አልቀየረም፣ ሶፋውን ስቦ የታጠፈውን ገመድ ዘርግቶ ላላ አድርጎ ጠቀለለውና በቃ ሰራ። የመብራት ገመድ እኮ እንደፈለግን ብናጥፈው ይሰራል፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው? ደግሞስ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው ብለው አስተምረውን ገመድ ውስጥ እንዴት እየተጠማዘዘ ይመጣል? (እህታችሁ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ብነሳ ይሻላል፣ የመጀመሪያው መልስ እዛው ውስጥ ነው ያለው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሙይና ከዓይንሽ ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ከስር ሆነሽ የውሃውን ፊት እዪው፣ ልክ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሊወጣ ሲል በጣም ጋደል ብሎ ከመጣ መውጣት አይችልም፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1841 ኮላዶን የሚባል የጄኔቫ ሳይንቲስት ከቀዳዳ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ብርሃን ለቆ ብርሃኑ ከውሃው ጋር አብሮ ጎንበስ ብሎ ሲወርድ አሳይቷል። አንቺም ሞክሪው፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ ጎኑን በጋለ ምስማር ብሺው፣ ውሃ ሙይበት፣ መብራት አጥፊና ከቀዳዳው ትይዩ ባለው ጎን ሌዘር አብሪበት፣ ብርሃኑ ውሃው ውስጥ እንዳለ ተጠማዞ ሲወርድ ታያለሽ። ልጆች ካሉ ሌዘሩ ዓይናቸውን እንዳያገኝ ብቻ አደራ።

ፋይበሩም እንደዛው ነው። መሃሉ ላይ ኮር የሚሉት 9 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ መስታወት አለ፣ ዙሪያውን ክላዲንግ የሚባል ሌላ መስታወት ይከበዋል፣ አንድ ላይ 125 ማይክሮሜትር፣ ከጸጉር ትንሽ ወፈር ቢል ነው። ኮሩ ውስጥ ብርሃን ከክላዲንጉ ትንሽ ዘገም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ ግን ብርሃኑን ውስጥ አፍኖ ለመያዝ ያቺ ትበቃለች።

አሁን ወደ ሶፋው እንምጣ። ብርሃኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይሄዳል የሚለው የተለመደ ስዕል እዚህ ጋር አይበቃንም፣ ምክንያቱም ኮሩ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት የሚበልጠው በጥቂት እጥፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚጓዘው እንደ ኳስ የሚነጥር ነገር ሳይሆን አንድ ሙሉ ሞገድ ነው፣ ዋናው አካሉ ኮሩ ውስጥ ሆኖ ጠርዙ ወደ ክላዲንጉ ገባ ብሎ። አውድማ ላይ በሬዎች ተጣምረው ሲያበራዩ አይተሽ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው በሬ በቀስታ ሲዞር የዳሩ በሬ እኩል ለመድረስ መፍጠን አለበት። የሞገዱም የውጪ ጠርዝ ኩርባ ላይ እንደዛ ነው፣ ኩርባው ሲጠብ ከሌላው ጋር እኩል ለመዞር ብርሃን ክላዲንጉ ውስጥ ሊሄድ ከሚችለው በላይ መፍጠን ይጠበቅበታል፣ ያ ደግሞ አይቻልም፣ ስለዚህ ተነጥሎ ወደ ውጪ ያመልጣል። ገመዱ አልተበጠሰም፣ ብርሃኑ ነው የፈሰሰው። የመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይሄ ችግር የለበትም።

ሞገዱ ረዘም ሲል ጠርዙ የበለጠ ስለሚሰፋ እጥፋት ላይ የበለጠ ይፈሳል፣ ቴክኒሻኖችም ይሄን ያውቁበታል፣ ኦቲዲአር በሚባለው፣ ገመዱ ውስጥ ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን በሚለካ መሳሪያ በ1310 እና በ1550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ይለካሉ፣ አንድ ቦታ ላይ 1550ው በደንብ ጠፍቶ 1310ሩ ብዙም ካልተነካ እጥፋት ነው ይላሉ። በነገራችን ላይ መስታወቱ ራሱ እዚህ የደረሰው በብዙ ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካዎ የሚባል መሐንዲስ ከባልደረባው ከሆክሃም ጋር ሆኖ ብርሃኑን መንገድ ላይ የሚያጠፋው መስታወቱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ቆሻሻ ነው ብሎ ጻፈ፣ በ1970 ኮርኒንግ የሚባለው የአሜሪካ መስታወት አምራች በኪሎ ሜትር 17 ዲሲቤል (የብርሃን መዳከም መለኪያ ነው) ብቻ የሚያጠፋ ፋይበር ሰራ፣ ዛሬ 0.2 አካባቢ ደርሷል፣ ማለትም ብርሃኑ 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ ግማሹ ገና አለ። ካዎ እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል ተሸልሟል፣ ይገባዋልም። እኛ ባህር የሌለን ሰዎች በጅቡቲ በኩል ከባህር ኬብሎች ጋር የምንገናኘው በዚሁ መስታወት ነው።

ለቤትሽ ያለኝ ምክር፣ ገመዱን ከቡና ሲኒ አፍ አጥብበሽ አትጠቅልዪው፣ የተለመደው ፋይበር ከ3 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ በታች አይወድም። ጂ.657ኤ2 የሚባለው ለቤት የተሰራው 7.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይችላል፣ ያም ሆኖ ሶፋን አይችለውም። ጫፉን ነቅለሽ ደግሞ ውስጡን አትዪ፣ ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ቧንቧ ዝገት ሙሉውን ሳይቆፍሩ በድምጽ ይገኛል ሲባል ሰማሁ፣ እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ፣ ያውም ከላይኛው መልስ ጋር ዘመድ ነው፣ እዚህ ደግሞ ሞገዱን የሚመራው የቧንቧው ብረት ግድግዳ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ መሳሪያ ቧንቧውን አቅፎ በአስር ሺዎች ኸርዝ የሚቆጠር ንዝረት ይለቃል፣ ንዝረቱ ግድግዳውን ይዞ በሁለቱም በኩል በአስሮች የሚቆጠሩ ሜትሮችን ይጓዛል፣ ብየዳ ወይም የሳሳ ቦታ ሲያገኝ ከፊሉ ያስተጋባል፣ የመመለሻው ጊዜ ደግሞ ርቀቱን ይናገራል። የሚወደደው ቧንቧውን የሚጠመዝዝ ዓይነት ንዝረት ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ መጠምዘዝን አይቀበልም፣ ስለዚህ ጉልበቱ ወደ ነዳጁ ሳይፈስ ብረቱ ላይ ይቀራል። የብየዳ ማስተጋባት ዙሪያውን እኩል ነው፣ ዝገት ግን አንድ ጎን ያጋድላል። የተቀበረና ወፍራም ሬንጅ የተለበጠ ቧንቧ ላይ ግን ርቀቱ በጣም ይቀንሳል፣ የዝገቱንም ጥልቀት በትክክል አይነግርም፣ የተጠረጠረው ቦታ ተቆፍሮ በቅርብ መለካት አለበት።