የጉሬዛውን ስካርፍ በ3 ሳምንት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የወንድምሽ ልጅ 9 ዓመት ሊሞላው 3 ሳምንት ቀርቶታል። እንስሳ የሚመስል ስካርፍ በእጅሽ ሠርተሽ ልትሰጪው ፈልገሻል። የምታውቂው ግን ቀጥታውን የሹራብ አሠራር ብቻ ነው። ይደርሳል። ያንን ብቻ ማወቅሽም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

እኔ አምና ክረምት ለእህቴ ልጅ ጉሬዛ ሠራሁለት። እዚህ ጅማ ላደገ ልጅ ድብ የካርቱን እንስሳ ነው። ጉሬዛን ግን ወደ ቦንጋ ስንሄድ በለጠ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል በዓይኑ አይቶታል። ለጀማሪም ይመቻል፤ ሁለት ቀለም ብቻ ነው። ከጎንና ጎኑ የሚወርድ ረጅም ነጭ ጸጉር፣ ጫፉ ጎፈር ያለ ነጭ ጭራ፣ በነጭ የተከበበ ጥቁር ፊት። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ማንም ከሩቅ ይለየዋል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ተበላሸ። ፊቱ እንደ ሱቅ ሹራብ ልሙጥ እንዲሆን ብዬ አንዱን ተራ በቀጥታ፣ መልሱን በግልብጥ ሠራሁት። ስጨርስ ሁለቱም ጠርዞች ተጠቀለሉና ስካርፉ ገመድ መሰለ። የልደቱ ዋዜማ ማታ ካውያ አሙቄ ተጫንኩት። ክሩ ሰው ሠራሽ ነበር። መዘርጋቱን ተዘረጋ፣ ግን ዝልፍልፍ አለ፤ ያ ድልብ ያለው ነገር እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። እንዲህ ያለ ክር አንዴ በሙቀት ከላላ አይመለስም። አለቀስኩ። ልጁም ስጦታውን ያገኘው ልደቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ሁለተኛውን ሄድ መለስ ሁሉንም በቀጥታ ሠራሁት። ያ አንቺ የምታውቂው ነው። ጠርዙ አይጠቀለልም፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፣ ወፈር ብሎ ይሞቃል። ልዩ የሚያደርገውን ነገር ሁሉ በመጨረሻ ከላዩ ትጨምሪበታለሽ።

ክሩን አንዴ ሙሉውን ግዢ። ባለ 100 ግራም 2 ጥቁርና 1 ነጭ በቂ ነው። በሁለቱ ጥቁሮች ወረቀት ላይ ያለው የቀለም ቁጥር አንድ መሆኑን እይ፤ ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም፣ ፀሐይ ላይ ይለያል። ሂርማታ ገበያ ስትሄጂ ጸጉራሙን ነጭ ክር ሊያሳዩሽ ይችላሉ። ያምራል፣ ግን የሹራቡ ዓይን፣ ማለትም መርፌው ላይ ያለው ቀለበት፣ አይታይም። ከተሳሳትሽ መፍታቱ መከራ ነው። ይቅርብሽ።

በ5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ 30 ዓይን ጀምሪ፤ በእኔ እጅ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይወጣዋል። ለ9 ዓመት ልጅ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ይህ ከ400 ተራ ትንሽ ይበልጣል። በቀን 30 ተራ ከሠራሽ በ14 ቀን ትጨርሺዋለሽ። የቀረውን ሳምንት ለጸጉሩና ለፊቱ አስቀምጪው! ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ሹራቡ አለቀ ማለት ስጦታው አለቀ ማለት ይመስለዋል። ጸጉሩና ፊቱ ብቻ 4 ማታ ፈጅተውብኛል።

ለጸጉሩ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርቶን ቁረጪ። ነጩን ክር ጠምጥሚበትና በአንድ በኩል ብቻ ቁረጪው። ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ አጥፊ። በኪሮሽ እጥፋቱን በጠርዙ በኩል ሳቢ፣ ጫፎቹን በእጥፋቱ ውስጥ አሳልፈሽ አጥብቂ። ይህን በሁለቱም ጠርዝ፣ ከወገቡ አካባቢ ብቻ። ፊቱ ድረስ ከወሰድሽው በግ ይሆንብሻል። በመቀስ ማስተካከሉን መጨረሻ ላይ አድርጊው።

ለጭንቅላቱ በየሁለት ተራው ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ዓይን እየቀነስሽ 18 ሲቀርሽ ዝጊው። ግንባሩንና አገጩን በነጭ ክር በስፌት መርፌ ክበቢ። ዓይኖቹን እዚያው ላይ ጥለፊያቸው። የሚያብረቀርቅ አዝራር ያምራል፣ ነገር ግን ታናሽ ካለው አፉ ውስጥ ሊከተው ይችላል። አንገቱ ላይም አይቋጠር። ጭንቅላቱና ጭራው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ተጭኖ የሚዘጋውን ትንሽ ቁልፍ ስፊ፤ ሲሮጥ የሆነ ነገር ቢይዘው ራሱ ይከፈታል።

እጆቹን በኪሮሽ ሰንሰለት ሠራኋቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ጣት። የእህቴ ልጅ ስካርፉን እንደ ተቀበለ ጣቶቹን ቆጠረና «አክስቴ፣ አንድ ረስተሻል» አለኝ። ጉሬዛ አውራ ጣት እንደሌለው፣ በቦታው ያለችው ትንሽ ጉብታ ብቻ እንደሆነች ነገርኩት። የራሱን አውራ ጣት አጥፎ የበር እጀታ ለመያዝ ሲታገል አመሸ። ጠዋት በዝናቡ ጓደኞቹን ሊያሳይ ለብሶት ወጣ። ስለዚህ አምስተኛ ጣት እንዳትጨምሪ።

ዛሬ ማታ ጀምሪና 20 ተራ ስትደርሺ ፎቶውን እዚህ ላኪልን። የሹራቡን ዓይን አጥብቀሽው ከሆነ ገና ስላልራቅሽ ፈትተሽ በ6 ሚሊ ሜትር ትጀምሪዋለሽ።