«አስመሳይ» ወይስ «ነኝ ባይ»?

«ሌላ ሰው ነኝ ብሎ የሚቀርብን ሰው አስመሳይ ማለት ይበቃል? ጥንትስ እንዴት ነበር?» ለሚለው ጥያቄዎ፦ በእኔ አስተያየት አይበቃም።

ብዙ ዓመት በጋዜጣ አራሚነት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን «ፖሊስ በመምሰል ገንዘብ የተቀበለ ግለሰብ ተያዘ» የሚል ዜና ደረሰኝ። መምሰል ወንጀል አይደለም፤ ሰው ሳያስበው አጎቱን ይመስላል። «ራሱን ፖሊስ አስመስሎ» ብዬ አረምኩት። ሆን ተብሎ መደረጉን የምትናገረው ያቺ «አስ» ናት። «አስመሳይ» የሚለው ስም ግን ዛሬ ወደ ግብዝነት አድልቷል፤ ሰውየውን እንዲያ ብትሉት አፉና ልቡ አይገናኝም ማለታችሁ ነው እንጂ የሌላ ሰው ስም ወሰደ ማለታችሁ አይደለም። «ሐሰወ» (ዋሸ) ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣው «ሐሳዊ»ም ቢሆን ከመሲሕ አጠገብ ብዙም አይርቅም።

ለጥያቄዎ የሚስማማው «ነኝ ባይ» ነው። ዐፄ ያዕቆብ በ1599 ዓ.ም. ጎል በተባለ ስፍራ ከዙፋን ተቀናቃኛቸው ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ብዙም ሳይቆይ በሰሜን በኩል «ያዕቆብ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» የሚል ሰው ተነሣ። በጦርነቱ ፊቴ ቆስሏል እያለ ይሸፋፈን ነበር፤ ኋላ ተገድሎ ሲገለጥ ጠባሳ እንዳልተገኘበት ይተረካል። (በብሉይ ኪዳን ዔሳው ነኝ ብሎ አባቱን ያታለለውም ያዕቆብ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በፈቃድ የሌላውን ቦታ የሚይዘው ሰው መጠሪያ ነው። በድሮው አስተዳደር የገዢው ወኪል «ምስለኔ» ይባል ነበር፤ እኔን መሰል ማለት ነው። «እንደራሴ»ም እንደ ራሴ ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለዋል። ልብ ይበሉ፣ ሦስቱም ቃላት «እኔ» ይላሉ። በምስለኔና በእንደራሴ ውስጥ «እኔ» የሚለው የሥልጣኑ ባለቤት ነው፤ በ«ነኝ ባይ» ውስጥ ግን ተናጋሪው የሌላውን ስም የወሰደው ሰው ራሱ ነው።

ሲጽፉ ታዲያ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ «አዋቂ ነኝ ባይ» ሲባል ስድብ ነው፣ ተመጻዳቂ ለማለት። የተወሰደውን ስም ወይም ማዕረግ ከፊቱ ያስቀምጡት፣ «ያዕቆብ ነኝ ባዩ» እንደሚባለው።